ዳህሊያ

ዳህሊያ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነ የአበባ ተክል ወገን ነው። አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ በሚመደቡበት አስተራሴ በተባለው ሰፊ አስተኔ ውስጥ ይገኛል። ከሦስቱም ይበልጥ የሚዛመደው ከአደይ አበባ ጋር ነው። ወደ 40 የሚጠጉ የዱር ዝርያዎች አሉት፤ በሰው የተዳቀሉት ዓይነቶች ግን በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቤት ጓሮዎች ብዙው የሙቀት ወራት አበባ በሚጠወልግበት በመስከረምና በጥቅምት ዳህሊያ ገና በሙሉ ድምቀቱ ላይ ይሆናል። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ከመጸው ዋና አበቦች አንዱ ነው።

የተክሉ ጸባይ

ዳህሊያ ከዓመት ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ግንዱ ውስጡ ክፍት ነው፤ ከመሬት በታች ድንች የሚመስሉ ወፋፍራም ሥሮች አሉት። የጓሮ ዓይነቶቹ ከ30 ሴንቲሜትር እስከ 2 ሜትር ያህል ያድጋሉ። «የዛፍ ዳህሊያ» የሚባለው የዱር ዝርያ ግን ከ6 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል።

አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። በዳር ያሉት እያንዳንዳቸው አንድ ሰፊ መልካበባ የሚመስል ምላስ ያወጣሉ፤ በመሃል ያሉት ትናንሽና ቢጫ ናቸው። ድርብርብ በሆኑት ዓይነቶች የዳሮቹ በዝተው መሃሉን ይሸፍናሉ። ንቦች የአበባ ዱቄትና ወለላ በቀላሉ የሚያገኙት መሃላቸው ከተገለጠ ነጠላ ዓይነቶች ነው።

የአበባው ስፋት ከ5 ሴንቲሜትር እስከ 30 ሴንቲሜትር ይለያያል። ቀለሙም ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ ወይም ቅልቅል ይሆናል። እውነተኛ ሰማያዊ ዳህሊያ ግን የለም። ብዙ ተክሎች ሁለት ድርብ ክሮሞሶም ሲኖራቸው የጓሮ ዳህሊያ ስምንት ድርብ፣ በጠቅላላው 64 ክሮሞሶም አለው። የመልኩ ብዛት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዘሩ የሚበቅለው ችግኝም እናቱን የማይመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘግይቶ የሚያብብበት ምክንያት

በሜክሲኮ ደጋ ዝናቡ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ ነው። የዱር ዳህሊያ በዝናቡ ያድጋል፣ ወደ ዝናቡ ማብቂያ ያብባል፣ ከዚያም ከላይ ደርቆ ደረቁን ወቅት በሥሩ ይሻገራል። ይህ አኗኗር በኢትዮጵያ ደጋ ከክረምቱ ማብቂያ ጋር የሚያብበውን አደይ አበባን ያስታውሳል። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ተክሉ በሥሩ ምግብ ማከማቸት ይጀምራል።

ሥሩ የተዘጋጀው ድርቀትን ለማሳለፍ እንጂ ውርጭን ለመቋቋም አይደለም። ብርዳማ አገር የተተከለ ዳህሊያ ትልቁ አደጋ የሚመጣውም ከዚህ ነው። አንድ ሌሊት የሚወርድ ውርጭ ቅጠሉንና አበባውን ያጠቁረዋል፤ አፈሩ በረዶ ከሠራ ደግሞ ሥሩ ራሱ ይበሰብሳል።

ስምና ታሪክ

የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ዳህሊያን ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 ቪሴንቴ ሴርቫንቴስ የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ከሜክሲኮ ከተማ ወደ ማድሪድ ላከው። በዚያ አንቶኒዮ ሆሴ ካቫኒዬስ አሳድጎ በ1791 ሳይንሳዊ ስሙን አወጣለት። ስሙ የተሰጠው የካርል ሊኔየስ ደቀ መዝሙር ለነበረው ለስዊድናዊው አንደሽ ዳል መታሰቢያ ነው። ዳል በ1789 ስላረፈ ስያሜውን አላየም። በሩስኛ ግን ተክሉ እስከ ዛሬ «ጌኦርጊን» ይባላል።

አውሮፓውያን መጀመሪያ ሥሩን እንደ ድንች ለምግብ ሞክረውት ነበር፤ ጣዕሙ ስላልተወደደ ተክሉ በአበባነቱ ብቻ ተስፋፋ።

አስተዳደግ

የውርጭ ወቅት ካለፈ በኋላ ሥሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይተከላል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር ለም አፈር ይፈልጋል። ቡቃያ ሳይወጣ ውኃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ቢቀነጠብ ቅርንጫፉ ይበዛል። ረዣዥሞቹ ዓይነቶች ግንዳቸው እንዳይሰበር ድጋፍ እንጨት ይተከልላቸዋል።

የጠወለገ አበባ ቶሎ ቶሎ ከተቀጠፈ ተክሉ ዘር በማፍራት ፋንታ አዲስ እምቡጥ ያወጣል፤ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ድረስ ማበቡን የሚቀጥለውም በዚህ ዘዴ ነው። ለጋ ቡቃያውን ቀንድ አውጣ ይበላዋል። ክሽክሽ ደግሞ የቫይረስ በሽታ ያስተላልፍበታል፤ በቫይረስ የተያዘ ተክል ስለማይድን ተነቅሎ ይወገዳል።

ሥሩን ከብርድ ማዳን

ውርጭ ቅጠሉን ካጠቆረው በኋላ ግንዱ ከመሬት በላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ያህል ተትቶ ይቆረጣል። ሥሩ በጥንቃቄ ተቆፍሮ ይወጣል፤ አፈሩ ተራግፎ ከደረቀ በኋላም በሰጋቱራ ወይም በደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቀመጣል። ተስማሚው ሙቀት ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚህ ቢሞቅ ሥሩ ይጨማደዳል ወይም ያለ ጊዜው ያቆጠቁጣል፤ ከዜሮ በታች ቢወርድ ይሞታል። በብርድ ወራት በየጊዜው እየታየ የበሰበሰው ይለቀማል።

በሚቀጥለው ዓመት ሥሩ ተከፋፍሎ ሊተከል ይችላል። ይሁንና ቡቃያ የሚወጣው ከግንዱ ሥር ካለው አንገት እንጂ ከሥሩ አካል ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ አንድ ዐይን ያለው የአንገት ቁራጭ ያስፈልገዋል። ዐይን የሌለው ሥር ምንም ያህል ቢወፍር አያቆጠቁጥም። የውርጭ ስጋት በሌለበት አገር ግን ሥሩን ማውጣት ግዴታ አይደለም።

የተክሉ ጥቅም

ዳህሊያ በዋናነት ለጓሮ ጌጥና ለአበባ ማስቀመጫ ይውላል። ሥሩ ኢኑሊን የተባለ የተከማቸ ካርቦሃይድሬት ይዟል፤ ይህም ስሙ ከሚመሳሰለው ኢንሱሊን ከተባለው ሆርሞን ጋር አንድ አይደለም።

በኔዘርላንድስ ዙንደርት ከተማ ከ1936 ጀምሮ በመስከረም መጀመሪያ በዳህሊያ የተሸፈኑ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ቅርጾች ለሰልፍ ይወጣሉ። ሜክሲኮም በ1963 በፕሬዚዳንት አዶልፎ ሎፔስ ማቴዎስ ዘመን ዳህሊያን ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች።