ካፕሊንግ፦ የዘንግ ማጋጠሚያ

ሞተር የራሱ ሻፍት አለው፣ ፓምፕም እንዲሁ። ሁለቱን ሻፍቶች ጫፍ ለጫፍ ይዞ የሞተሩን ጉልበት ወደ ፓምፑ የሚያሻግረው ዕቃ በፋብሪካ ቤት ካፕሊንግ ይባላል። ሻፍትን ዘንግ ካልን፣ ካፕሊንግን «የዘንግ ማጋጠሚያ» ማለት ይቻላል። ከክላች ጋር ግን አይምታታ። ክላች ሞተሩ እየዞረ ያያይዛል፣ ይለቃል፤ ማጋጠሚያ ማሽኑ ቆሞ ቡሎኑ ካልተፈታ አይላቀቅም።

ማጋጠሚያ ሊገዛ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የሻፍቱን ውፍረት ብቻ ነው፦ «የ42 ሚሊሜትር አለ?» ቀዳዳው ልክ ሆነ ማለት ግን ሸክሙን ይችላል ማለት አይደለም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ጠምዛዥ ኃይሉ፣ ማለትም ቶርኩ ነው። የሞተሩን ኪሎዋት በ9550 አባዝቶ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ማካፈል ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ሞተሩ ላይ በተመታችው ሳህን ላይ አሉ። 15 ኪሎዋት ሆኖ በደቂቃ 1450 ጊዜ የሚዞር ሞተር 99 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። ይኸው ሞተር ፍጥነቱን በዐሥር እጅ ከሚቀንስ ማርሽ ሳጥን ጋር ከተያያዘ ግን፣ ከሳጥኑ ወዲያ ያለው ማጋጠሚያ የሚሸከመው ወደ 990 ይጠጋል። ሞተሩ አንድ ነው ብሎ ለሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የሥራው ጠባይም ይታከልበታል፤ የውኃ ፓምፕ ረጋ ብሎ ይጎትታል፣ የድንጋይ መፍጫ ግን እየመታ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አምራቾች እንደየሥራው የሚባዛ ቁጥር በሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ ለድንጋይ መፍጫ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዓይነቱን መምረጥ ይመጣል። ግትሩ ፍላንጅ የሻፍቶቹን መዛነፍ ጨርሶ አይችልም፤ የቀሩት ተጣጣፊ ናቸው። በጥርሶቹ መካከል የኮከብ ቅርጽ ያለው ጎማ የሚገባበት ዓይነት ርካሽ ነው፣ ንዝረትም ይውጣል፤ ጎማው ቢያልቅ እንኳ ብረት ከብረት እየተጋጨ ይዞራል እንጂ ወዲያው አይቆምም። ባለ ማርሽ ጥርሱ ለከባድ ጉልበት ነው፣ ግራሶ ግን ሊጓደልበት አይገባም። በስስ የብረት ቅጠሎች የሚሠራው ግራሶ አይፈልግም፣ ለከፍተኛ ፍጥነትም ይመረጣል።

«ተጣጣፊ ስለሆነ መስመሩን ራሱ ያስተካክላል» የሚባለውን እኔ አልቀበለውም። ማጋጠሚያው መዛነፉን ቢችለውም ግፊቱ ወደ ኩሽኔታው ያልፋል። ከማጋጠሚያው መከለያ ሥር ጥቁር የጎማ ብናኝ ተጠራቅሞ ከታየ፣ አዲስ ጎማ ከመግዛት በፊት የሻፍቶቹን መስመር መለካት ይሻላል። ሙቅ ፈሳሽ በሚገፋ ፓምፕ ላይ ደግሞ ልኬቱ ሙቀቱን ማሰብ አለበት። አንድ ሜትር ብረት በየአንድ ዲግሪው 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከመሠረቱ እስከ ሻፍቱ 300 ሚሊሜትር የሆነ ፓምፕ በ50 ዲግሪ ሲሞቅ ሻፍቱ 0.18 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ሞተሩ ብዙም የማይሞቅ ከሆነ፣ ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ የሞተሩን ሻፍት በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ ማሰር ነው።