ያልደማ ራስ በደሴና በኮምቦልቻ

የደሴ የሕክምና ታሪክ ሲነሣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አይዘለልም። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ የአድቬንቲስት ሚስዮን ያቆመው የተፈሪ መኮንን ሆስፒታልም የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመታ። በ1965 እና በ1966 ረሃቡ የወሎን ገበሬ መንገድ ዳር አወጣው። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ ጉዳትን በዓይን መለካት ቢለምድ አይፈረድበትም፤ የደማው፣ የተሰበረው፣ የከሳው ይቀድማል። ልማዱ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ራሱን ተመትቶ ሳይደማ ለተነሣ ወጣት ግን ጎጂ ነው።

ሳያደማ አንጎልን የሚያናውጥ ጉዳት አዲስ አይደለም። በገና ጨዋታ ቆልማማው ዱላና ሩሯ ስንቱን ራስ እንዳገኙ መገመት አያዳግትም። የጨዋታው ሥርዓት ሎሌ ጌታውን ቢመታ እንኳ ቂም አያሲዝም፤ ይህ ያማረ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የተመታው ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ እንዲቀጥል መጠበቅንም አብሮ አስተምሮናል። ዛሬ ሜዳውን እግር ኳስ ይዞታል። መንገዱም አለ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ።

ሐኪሞችም ይህን ጉዳት ለመለየት ተቸግረዋል። ፋርሳዊው አል-ራዚ ከሺህ ዓመት በፊት የአንጎል መናወጥን ከሌላው የራስ ጉዳት ነጥሎ ቢያስተውለውም፣ መለኪያ ማግኘቱ ቀላል አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ላይ የወጣው፣ ዛሬም በየድንገተኛ ክፍሉ የሚሠራበት መመዘኛ የዓይንን፣ የንግግርንና የእንቅስቃሴን ምላሽ ይቆጥራል፤ አንጎሉ የተናወጠ ልጅ 15 ከ15 ሊያገኝበት ይችላል። ስለዚህ «ሆስፒታል ደህና ነው ብሎ መልሶታል» የሚለው ክርክር ከበሽተኛው ችግር ጋር አይገናኝም። ሐኪሙ ያረጋገጠው ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር እንዳልታየው ነው። ራስ ምታቱ፣ ብርሃን መሸሹ፣ ያነበበውን መርሳቱ፣ በትንሽ ትልቁ መቆጣቱ ቤት ከገባ በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ቤት ውስጥ ወሎ ትልቅ ሀብት አለው። በሽተኛን መጠየቅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጋራው ግዴታ ነው፤ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ለተናወጠ አንጎል ግን የተሰበሰበው ሰው ጫጫታ፣ ቴሌቪዥኑና የስልኩ ብርሃን ሸክም ናቸው። ባህሉ ይቅር አልልም፤ ጠያቂው ሁለት ሁለት እየሆነ ለአጭር ጊዜ ይግባ፣ ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ። ልጁን ለሳምንታት ጨለማ ቤት መዝጋትም አይበጅም። በጥቅምት 2015 በስፖርት ስለሚደርስ የአንጎል መናወጥ ለመምከር አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች የተስማሙት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ እንዲሆን ነው። «እንዳይተኛ» የሚለውም ፍርሃት ሐኪም ካየው በኋላ ቦታ የለውም፤ እንቅልፍ ይጠቅመዋል። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ግን እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ከባዱ ትምህርት ቤት ነው። የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ያለባት ደሴ ትምህርትን ታከብራለች፤ በዚያው በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የወላጅ ጭንቀት በርትቷል። «ሁለት ሳምንት ከቀረ ዓመቱ አመለጠው» የሚል አባት ስጋቱ እውነት ነው። ሆኖም ሳይድን ሙሉ ቀን ክፍል የተቀመጠ ልጅ ትምህርቱ አይገባውም፤ ሕመሙም ሊራዘም ይችላል። መምህራን በበኩላቸው ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ለአንድ ልጅ ልዩ ሥርዓት ከፈቀድን ሌላውም ያስመስላል ይላሉ። ለጥቂት ቀናት ግማሽ ቀን መማር፣ ከመስኮቱ ፀሐይ ርቆ መቀመጥ፣ ከጓደኛ ደብተር መገልበጥ፣ ፈተናን ማዘግየት ግን ሳንቲም አይጠይቁም። አብዛኞቹ ወጣቶች በአንድ ወር ገደማ ስለሚያገግሙ አንድ አስመሳይ ቢያመልጥ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። ሳይድን ወደ ሜዳ ተመልሶ ዳግመኛ የተመታ ልጅ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የስፖርት መምህሩ ሐኪም ሳይፈቅድ ተማሪውን ማሰለፍ የለበትም።

የደሴና የኮምቦልቻ ርእሳነ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴዎችና ቅሬዎች በዚህ ላይ ዘንድሮ ተነጋግረው አንድ ደንብ እንዲያወጡ እጠይቃለሁ።