ከጨለማው ክፍል እስከ ሌዘር ሥዕል
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን። 

የ2018 እ.ኤ.አ. ዋዜማ ሌሊት ዱባይ ውስጥ በቡርጅ ኸሊፋ ሕንፃ ላይ ርችት በመተኮስ ፋንታ በሌዘር ብርሃን ትርኢት ታየ። እንዲህ ያለው ነገር በተነሳ ቁጥር «ሌዘርን የፈጠሩት እኮ ሙስሊሞች ናቸው» የሚል ወጣት አይጠፋም። ይህ ትክክል አይደለም። ባልሠሩት ሥራ መመስገን የሚወዱትን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 188 ነቅፏቸዋል። ደግሞስ እውነተኛው ታሪክ ምን ጎደለውና ነው?

ኢብኑል ሀይሠም በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢራቅ፣ በበስራ ከተማ ተወለዱ። ኋላ ካይሮ ገቡ። ከእኛ ተራሮች የሚወርደውን የአባይን ውሃ አስተካክላለሁ ብለው ለገዢው ለአል-ሓኪም ቃል ገቡ፤ ወንዙን ሽቅብ ተከትለው ሲያዩት ግን የማይሆን ሆነባቸው፤ ቁጣውን ፈርተውም እብድ መስለው ቤት ዋሉ ተብሎ ይተረካል። ሰባት ክፍል ያለውን «ኪታቡል መናዚር» የጻፉት በ11ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ነው።

ከእሳቸው በፊት እነ ኡቅሊዲስና በጥሊሞስ የምናየው ከዓይናችን በሚወጣ ጨረር ነው ይሉ ነበር። እሳቸው ግን ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑን ያመዋል፤ ስለዚህ ወደ ዓይን የሚገባ ነገር አለ አሉ። (ለልጆቻችን በጨዋታ ዕቃነት የምንገዛው የሌዘር መብራትም እንዲሁ ነው። የዓይን ሌንስ ያንን ቀጭን ጨረር ሰብስቦ በውስጠኛው ሽፋን ላይ አንዲት ነጥብ ያደርገዋል፣ ያቃጥላልም። እናቶች፣ አባቶች፣ ከልጆቹ እጅ ውሰዱት።)

ቀጥለው ብዙ መብራቶችን ደርድረው በአንዲት ቀዳዳ በኩል ወደ ጨለማ ክፍል አበሩ። በግድግዳው ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲጋርዱት የእሱ ነጥብ ብቻ ጠፋ። ጨረሮቹ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ተላልፈው ሳለ አንዱ ሌላውን አላደፈረሰውም ማለት ነው። ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄዱንም አቧራና ጭስ ባለበት አየር ውስጥ ተመለከቱ። በፍጥነት የሚሽከረከር ባለ ብዙ ቀለም እንዝርት መሳይ መጫወቻ ለዓይን አንድ ቀለም ሆኖ እንደሚታይም ጻፉ።

ሌዘር የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አይንስታይን፣ ኃይል ያዘለ አቶም ብርሃን ሲነካው የራሱን ብርሃን ሊለቅ እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። የሚለቀቀው ብርሃን ከነካው ጋር በቀለም፣ በአቅጣጫና በእርምጃ አንድ ነው፤ በጀማዓ ሰላት ተሰልፈው አብረው ሩኩዕ እንደሚወርዱ ሰጋጆች በሉት። የአምፖል ብርሃን ግን ከገበያ እንደሚበተን ሕዝብ ነው። በግንቦት 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ከሩቢ ድንጋይ ሠራ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ቴህራን ተወልዶ ያደገው ዓሊ ጃቫን ከባልደረቦቹ ጋር በሂሊየምና በኒዮን ጋዝ ሳያቋርጥ የሚበራውን ሌዘር አስገኘ። የወጣቶቻችን ወሬ ምናልባት ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም።

ለሕዝብ የሚታይ የሌዘር ሥዕል በኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ተጀመረ። ስሙ ሌዘሪየም፣ አዘጋጁም አይቫን ድራየር ነበር። ዛሬ በየትርኢቱ እንደሚደረገው ጨረሩ የሚያርፈው በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን መስተዋቶች ላይ ነው። በእውነት ያለችው አንዲት ሯጭ ነጥብ ናት፤ ዓይን መከተል ሲያቅተው ክብና ኮከብ ያያል፣ እንደዚያ መጫወቻ። ጨረሩ ራሱ እንዲታይ ደግሞ አዳራሹን ጭስ ይሞሉታል። ከዚያ አረንጓዴው በቀዩ መካከል ያልፋል፣ ወዲያ ማዶ ሲደርስም አረንጓዴ ነው።