በገናና ጦር

በኢሊያድ ዘጠነኛ መጽሐፍ የግሪክ ሠራዊት ተገፍቶ ወደ መርከቦቹ ባፈገፈገበት ሌሊት መልእክተኞች ወደ አኪለስ ድንኳን ይላካሉ። ከሁሉ የበረታው ጦረኛ ግን በአጋሜምኖን ተቀይሞ ጦሩን ሰቅሏል፤ በእጁ የያዘው ከበገናና ከክራር ወገን የሆነ ባለ ክር መሣሪያ ነው። የጀግኖችን ዝና ያዜማል፤ ጓደኛው ፓትሮክለስ በዝምታ ከፊቱ ተቀምጧል። መሣሪያው ራሱ አኪለስ የኤኤቲዮንን ከተማ ባጠፋ ጊዜ ያገኘው ምርኮ ነው። ሆሜር ይህን በአጭሩ ጠቅሶ ያልፋል፤ አንባቢ ግን ሊያልፈው አይገባም።

ሆሜር በአንድ መሣሪያ ላይ ያሳረፈውን ቅራኔ የኢትዮጵያ ባህል ለሁለት ከፍሎታል። በገና የካህናትና የመኳንንት መሣሪያ ነው። በዐቢይ ጾም ሞትንና የዓለምን ከንቱነት ያሰማል፤ ፉከራ አያውቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ ይደረድሩት እንደነበር ይነገራል። በገና የያዘ ጦረኛ፣ እንደ አኪለስ ሁሉ፣ ለዚያች ሰዓት ከጦርነት ወጥቷል።

መሰንቆ ግን ትዘምታለች። አዝማሪው ከሠራዊቱ ጋር ተጉዞ በሽለላ ደፋሩን ያነሣሣል፣ የሚያመነታውን ያሳፍራል፤ ከድል በኋላ በግብር ላይ ያወድሳል፤ ጌታውም ቢሆን ከሰምና ወርቁ አይድንም። ሙዚቃ እዚህ የጦርነት ባልደረባ እንጂ ተቃራኒ አይመስልም። ሆኖም በፉከራ የገነነው ስም በለቅሶ ቀን በሙሾ ይመለሳል፤ ጀግናውን የሚያነሣሣውና የሚያለቅስለት ያው ግጥም ነው።

ይህን ሆሜርም ያውቀዋል። በኦዲሲ ዕውሩ አዝማሪ ዴሞዶኮስ የትሮያን መውደቅ ሲያዜም ኦዲሲየስ ያነባል፤ ልቅሶውም ባሏ ለከተማው ሲዋጋ ወድቆባት፣ ጀርባዋን በጦር እየተወጋች ወደ ምርኮ ከምትነዳ ሴት ልቅሶ ጋር ተነጻጽሯል። ድል አድራጊው የተሸናፊዋን እንባ አፈሰሰ። ከሆሜር ንጽጽሮች ሁሉ ይህን የሚተካከል ጥቂት ነው።

ኦዲሲየስ ቤቱ ተመልሶ ጠላቶቹን ሲፈጅ አዝማሪው ፌሚዮስ ጉልበቱን ይዞ ይለምነዋል፤ ቴሌማኮስም ይመሰክርለታል፤ ይተርፋል። ግራዚያኒ ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና ተዘዋዋሪ አዝማሪዎችን እያስያዘ አስረሸነ፤ ምክንያቱም የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው እያሉ ሕዝቡን ያሸብራሉ የሚል ነበር። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የነበረው ጦር የፈረስ ጭራ የተወጠረባትን መሰንቆ ፈራ። በአርበኞች ሠፈር ግን ሽለላው እስከ 1933 ዓ.ም. ድል ድረስ ቀጠለ።