ስንት ቅጂ ተሸጠ? የደራሲው የሂሳብ ጥያቄ ከሚልተን ውል እስከ ዛሬ

በብራና ዘመን የአንድ መጽሐፍ ቅጂ ስንት እንደ ደረሰ ማወቅ ለጸሐፊው አስቸጋሪ አልነበረም። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ ዳዊት ወይም ድርሳን የሚገለብጠው ላዘዘው ሰው ስለ ነበር፣ የእያንዳንዱ ቅጂ ባለቤት ሥራው ሳይጀመር የታወቀ ነበር። ዋጋውም በዓይነት ሆነ በብር፣ ከአዛዡ እጅ ወደ ጸሐፊው እጅ ይተላለፍ ነበር።

የማተሚያ መኪና ይህን ትውውቅ ቈረጠው። አንድ ድርሰት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሺህ የሚቈጠር ቅጂ ሆኖ ሲወጣ፣ በደራሲውና በአንባቢው መካከል አታሚ፣ አሳታሚ፣ አከፋፋይና መጻሕፍት ሻጭ ገቡ። ገንዘቡም ሆነ ወሬው ወደ ደራሲው የሚመለሰው በእነዚሁ ሰዎች በኩል ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «መጽሐፌ ስንት ተሸጠ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ከሚያውቀው፣ ነገር ግን በመልሱ ጥቅሙ ከሚነካበት ሰው የሚጠየቅ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። የዚህ ጥያቄ ታሪክ እንግዲህ የገበያ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ መዝገቡን ማን ይገልጠዋል የሚለው የመብት ታሪክም ነው።

የዚህ ታሪክ ሰነድ በሚገባ ተጠብቆ ከቈየባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. አፕሪል 27 ቀን 1667 ባለቅኔው ጆን ሚልተን፣ ዓይኑ ከጠፋ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ «የጠፋችው ገነት» የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን ለማሳተም ሳሙኤል ሲመንስ ከተባለ አታሚ ጋር ተዋዋለ። በውሉ መሠረት 5 ፓውንድ ወዲያው ተቀበለ። ከመጀመሪያው እትም 1300 ቅጂ ተሽጦ ሲያልቅ ሌላ 5 ፓውንድ ሊከፈለው፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛውም እትም እንደዚሁ ሊደረግ፣ የእያንዳንዱም እትም ብዛት ከ1500 እንዳይበልጥ ተስማሙ።

ብዙ ሰዎች ይህን ውል የሚያነሡት ስለ ገንዘቡ ማነስ ለመደነቅ ነው። ይሁን እንጂ በውሉ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ስለ ሂሳብ የተጻፈው ቃል ነው። ደራሲው ወይም ወኪሉ በተገቢው ጊዜ ሲጠይቅ፣ አታሚው የተሸጠውን ቅጂ በመሐላ አረጋግጦ ማስታወቅ ነበረበት፤ ይህን ካላደረገ ግን እትሙ በሙሉ እንደ ተሸጠ ተቈጥሮ 5 ፓውንዱን ይከፍላል። ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ መዝገቡን ራሱ ገልጦ ሊያነብ አይችልም ነበር፤ ነገር ግን ዝምታ ለአታሚው ትርፍ እንዳይሆን አስቀድሞ አሰረው። ውሉም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. አፕሪል 26 ቀን 1669 ሚልተን ሁለተኛውን 5 ፓውንድ ስለ መቀበሉ ደረሰኝ ሰጠ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1674 ካረፈ በኋላ ግን ባልቴቲቱ ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1680 የቀረውን መብት ሁሉ በ8 ፓውንድ ለቀቀች። መብቱን በአንድ ጊዜ የሸጠ ሰው ከዚያ በኋላ ሂሳብ የሚጠይቅበት ምክንያት አይኖረውምና፣ የሽያጩ ቁጥር የሌላ ሰው ጉዳይ ሆነ።

በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ብዙ ደራስያን በዚሁ መንገድ መብታቸውን በቁርጥ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ከትርፉ ድርሻ ያገኙም ነበሩ። ኤድዋርድ ጊቦን ስለ ሮማ መንግሥት መዳከምና መውደቅ የጻፈው ታሪክ የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1776 ሲወጣ፣ መጀመሪያ የታሰበው 500 ቅጂ ብቻ እንዲታተም ነበር፤ አታሚው ዊልያም ስትራሃን ቁጥሩን እጥፍ አድርጎ 1000 አደረገው፤ መጽሐፉም በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቀ። ጊቦን ይህን በምስጋና መዝግቦታል። የስትራሃን የሂሳብ መዝገቦችም ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን የትኛው መጽሐፍ ስንት ቅጂ እንደ ታተመ የሚያውቁት ከእነርሱ ነው። ደራሲው በሕይወቱ ሳለ ሊያየው የማይችለውን ገጽ የታሪክ ተማሪ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እንደ ልቡ ሊያገላብጠው መቻሉ ያስገርማል።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት «የእኩል ትርፍ» የተባለው ውል ተስፋፋ። አሳታሚው ወጪውን ይችላል፤ ወጪው ከሽያጩ ከተነሣ በኋላ የቀረው ትርፍ ለሁለት ይካፈላል። ቃሉ ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን የወረቀቱን፣ የኅትመቱን፣ የጥረዛውንና የማስታወቂያውን ወጪ የሚጽፈው አሳታሚው ብቻ ነበር። አንዳንዱ አሳታሚ ከወረቀት ነጋዴው ቅናሽ አግኝቶ ሙሉውን ዋጋ ይመዘግባል፤ ሌላው በራሱ መጽሔት ላይ ያወጣውን ማስታወቂያ ገንዘብ እንደ ከፈለበት አድርጎ ይቈጥራል የሚል ክስ ይሰማ ነበር። ደራሲው በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሰው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው፤ በግርጌውም ብዙ ጊዜ ትርፍ እንዳልተገኘ ይነበባል። አሜሪካዊው ማርክ ትዌይንም የአሳታሚው ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1880 ከሞቱ በኋላ ሂሳቡን ሲመለከት፣ ግማሽ ትርፍ ነው ተብሎ የተሰጠው ድርሻ ከግማሽ በእጅጉ ያነሰ ነበር ብሎ አመነ። ከዚያ በኋላ የራሱን አሳታሚ ድርጅት እስከ ማቋቋም ደረሰ።

ትዌይን ብቻውን ያደረገውን በለንደን ደራስያን በኅብረት አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1884 በልብ ወለድ ጸሐፊው በዋልተር ቤዛንት አነሣሽነት የደራስያን ማኅበር ተቋቋመ፤ ባለቅኔው አልፍሬድ ቴኒሰን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ቤዛንት የደራሲው ንብረት እንደ ማንኛውም ንብረት መሆኑን፣ በሽርክና የሚሠራ ሰው ሁሉ የሽርክናውን መዝገብ የማየት መብት እንዳለው ያለመሰልቸት አስተማረ። ማኅበሩ አንድ መጽሐፍ ለማሳተም የሚጠይቀውን ወጪ ዘርዝሮ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1890ም የራሱን መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ብዙ አሳታሚዎች ይህን እንደ ስድብ ቈጠሩት፤ ታማኝነታችን ተጠረጠረ አሉ። የቤዛንት ክርክር ግን ስለ ግለሰቦች ታማኝነት አልነበረም። ቅን ነጋዴ መዝገቡ ቢታይ የሚጐዳው ነገር የለም፤ ቅን ያልሆነው ግን መዝገቡ ካልታየ አይታወቅም። ከዚህ በኋላ ከትርፉ ሳይሆን ከእያንዳንዱ የተሸጠ ቅጂ ዋጋ የሚታሰበው የደራሲ ድርሻ እየተለመደ ሄደ። ወጪውን ለመመርመር አስፈላጊ መሆኑ ቀረና ጥያቄው እንደገና ወደ አንድ ቁጥር ተመለሰ፤ ስንት ተሸጠ?

ጃፓኖች ለዚህ ጥያቄ በእጅ የሚጨበጥ መልስ አበጁለት። ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የደራሲው ማኅተም ያረፈባት ትንሽ ወረቀት በእያንዳንዱ ቅጂ የመጨረሻ ገጽ ላይ ትለጠፍ ነበር። እንደ ናትሱሜ ሶሴኪ ያሉ ስመ ጥር ደራስያን ሥራዎች በዚህ ማኅተም ይታወቃሉ። ማኅተሙ ከደራሲው ቤት ስለማይወጣ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ አንድ ቅጂ እንኳ መጨመር የሚያስቸግር ሆነ፤ ድርሻውም በማኅተሙ ብዛት ይታሰብ ነበር። የእትሙ ቁጥር እጅግ እየበዛ ሲሄድ ግን ልማዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀስ በቀስ ቀረ።

በመጽሐፍ ገበያ ዘንድ ወሬ በቁጥር መልክ መውጣት የጀመረው በዚያው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 «ቡክማን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በየከተማው በብዛት የሚሸጡትን መጻሕፍት ስም መዝግቦ ማውጣት ጀመረ፤ «ኒው ዮርክ ታይምስ»ም እ.ኤ.አ. በ1931 ተከተለ። እነዚህ ዝርዝሮች ተራን እንጂ ብዛትን አይናገሩም ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ አሳታሚዎች ያልተሸጠውን መጽሐፍ ከሱቆች መልሰው መቀበል ስለ ጀመሩ፣ ከመጋዘን የወጣ ቅጂ ሁሉ ተሸጠ ማለት እንዳልሆነ ደራስያን በመራራ ልምድ ተማሩ። በመጨረሻ በ1970 ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ሲጸድቅና የሱቅ ገንዘብ መቀበያ መኪና ይህን ምልክት ማንበብ ሲችል፣ ሽያጭን በሱቁ ደጃፍ ላይ መቍጠር ተቻለ። በብሪታንያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካም ከ2001 ጀምሮ ይህ ቈጠራ በመደበኛነት ይካሄዳል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዞ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነትና ስለ ኅትመት ውል ደንግጓል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410ም የቅጅ መብትን አጽንቷል። ይሁን እንጂ አሳታሚ ጥቂት በመሆኑ፣ ብዙው ደራሲ ተበድሮ ለማተሚያ ቤት የሚከፍል፣ መጽሐፉንም ለአከፋፋይ፣ ለመጻሕፍት መደብርና ለአዟሪ በአደራ የሚያስረክብ የራሱ አሳታሚ ነው። ይህ ደራሲ ስንት እንደ ታተመ ከማንም በላይ ያውቃል። ስንት እንደ ተሸጠ የሚያውቀው ግን ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞረ፣ የቀረውን በመደርደሪያው ላይ ቈጥሮ፣ ደረሰኙን ካመሳከረ ብቻ ነው። ደረሰኝ ያልተቀበለ እንደ ሆነ ያለው ማስረጃ የሻጩ ቃል ነው።

የትኛውም መዝገብ የማይናገረው ነገር ደግሞ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ሲታገድ የሽያጩ ሂሳብ ተዘጋ፤ መነበቡ ግን አልተዘጋም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የተከታተለውን አድማጭም የቈጠረ የሂሳብ ሠራተኛ የለም። የሽያጭ ቁጥር የመጽሐፍን ዋጋ አይለካም፤ የሚለካው ደራሲው ሊደርሰው የሚገባውን ነው፤ ስለዚህም ቸል የሚባል አይደለም።

ከለንደኑ ውል እስከ ዛሬው መኪና ድረስ መሣሪያው ተለዋውጧል፤ የመፍትሔው መሠረት ግን አንድ ሆኖ ይገኛል። ሚልተን ሂሳብ የሚጠየቅበትን ጊዜና ሂሳብ ካልቀረበ የሚከተለውን ክፍያ በጽሑፍ አኖረ፤ ቤዛንት ደግሞ እንዲህ ያለው ቃል በአንድ ሰው ብልኀት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ማኅበር አቆመለት። ደራሲ ስለ ሂሳብ መጠየቁ ከጥበብ ሰው ክብር የሚያንስ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። በ1667 ግን ከዘመኑ ታላላቅ ባለቅኔዎች አንዱ፣ ለ5 ፓውንድ ሲል፣ አታሚውን በመሐላ ለማስቈጠር አላፈረም።