የባህር አረም፦ ለማሳ ወይስ ለእሳት?

የባህር አረም ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው ሲባል ሰምታችሁ «እኛ ባህር የት አለንና!» ብላችሁ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ታሪኩ ግን እኛም ጓሮ ይደርሳልና ስሙኝ።

በፈረንሳይ ጠረፍ ይህ አረም ሕግ የወጣለት ሀብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1681 የወጣው የባህር ድንጋጌ፣ የየደብሩ ነዋሪዎች በጃንዋሪ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው የአጨዳውን ቀን እንዲቆርጡ ያዛል። በሌሊት ማጨድ ክልክል ነው። ለአረም እኮ ነው ይህ ሁሉ!

ስኮትላንድ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በምዕራብ በኩል ሄብሪድስ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ አፈራቸው ስስ፣ ውሃ የሚቋጥርና አሲዳማ ነው። ገበሬዎቹ ማዕበል የጣለውን አረም በቅርጫት ተሸክመው ወደ ማሳ ያወጡታል፤ ሸክሙ በአብዛኛው የሴቶች ነበር። አረሙን በመደብ መልክ አንጥፈው፣ ከግራና ከቀኝ ቦይ እየቆፈሩ አፈሩን ይገለብጡበታል። ድንቹ እዚያ ላይ ይበቅላል። ቦዩ ውሃውን ያጠነፍፋል፣ አረሙም ቶሎ ይበሰብሳል። ፖታሽየሙ ብዙ ነው፣ ናይትሮጅንም አለው፤ ፎስፈረሱ ግን ትንሽ ነው። ደግሞ እንደ እበት የአረም ዘር ይዞ ማሳ አይገባም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግን የዚህ አረም አመድ ሶዳ ስላለው ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ተፈለገ። ለ1 ቶን አመድ 20 ቶን ገደማ እርጥብ አረም ይቃጠላል። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ የስፔን ሶዳ በመቸገሩ ዋጋው ሰማይ ነካ። ትርፉን በአብዛኛው የወሰዱት ባለርስቶቹ ናቸው። ገበሬው የመሬት ኪራዩን ለመክፈል በጋውን ሙሉ ሲያጭድና ሲያቃጥል ይከርማል፤ የማሳው ምግብ በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1820ዎቹ፣ ከውጭ በሚገባው ሶዳ ላይ የነበረው ቀረጥ ሲቀነስ የአመዱ ገበያ ወደቀ። ትናንት ጉልበታቸው ይፈለግ የነበሩት ሰዎች ዛሬ መሬቱን ለበግ ልቀቁ ተባሉ። ብዙዎች ወደ ካናዳ ተሰደዱ። የቀሩት በቁራሽ መሬት ላይ ድንች ብቻ ተስፋ አድርገው ሳለ በ1846 የድንች ዋግ ደረሰባቸው።

እኛስ? እበቱን ኩበት አድርገን እናነዳለን። የማገዶ ችግር ስላለ ማንንም አልወቅስም። ሲነድ ናይትሮጅኑና አፈር የሚያለሰልሰው ብስባሽ በጭስ ይጠፋል፤ ፖታሹ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። የሄብሪድስ ሰው አመዱም አልቀረለትም፣ ለእናንተ ግን ምድጃው ሥር አለ። ዝናብ ካገኘው ፖታሹ ታጥቦ ስለሚሄድ ጣሪያ ሥር አስቀምጡት። አፈራችሁ አሲዳማ ከሆነ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ሳሳ አድርጋችሁ በትኑት። ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ እበት ጋር ግን አትቀላቅሉት፣ ናይትሮጅኑን ያተንነዋል። ድንች ላይ ሲበዛ ደግሞ ልጣጩን እከክ ያስይዘዋል።