ሰናድር፣ ውጅግራ እና የእኔ ግራፊክስ ካርድ

ተወልጄ ያደግሁት ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ነው። ሰፈር ማለት በጥንቱ አነጋገር የጦር ማረፊያ እንደ ነበር የአዲስ አበባን ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል፤ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየጉብታው ሰፍረው ከተማይቱን ስላቆሟት፣ ደጃች ውቤ ሰፈር በባለቤቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር በሙያው ተጠራ። የእኛ ሰፈር ስም ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም። ዛሬ ጠመንጃ የያዘ ሰው የማየው በባንክ በር ላይ ብቻ ነው። እኔ የያዝሁት ኮምፒውተር ነው፤ ይህን ለማውጋት የተነሣሁትም በእርሱ ሰበብ ነው።

ቅዳሜ ማታ ከእኅቴ ልጅ ጋር ጌም እንጫወታለን። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ባሕር ማዶ ከተሻገረ ወዲህ ዝም ያለ ልጅ ሆኗል፤ አንደበቱ የሚፈታው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ካርዴ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ሲሆን ለብዙ ዓመታት አላሳፈረኝም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን አዲሱን «ዱም» ልንከፍት ስንል ግን ጌሙ በጄ አላለም። የብርሃንን ጨረር መንገድ እየተከተለ የሚሥል ካርድ ይፈልጋል፤ የእኔው ደግሞ ያ ብልሃት ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። «ግድ የለም፣ ጋሼ» አለኝና ተነሥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

ታዲያ መቼ ነው የሚለወጠው? ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት፣ ከእኔ በከበደ ጉዳይ፣ የሀገሬ ነገሥታት ጠይቀውታል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ያረገፈው ሰናድር ነበር። ሰናድር፣ አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። እንግሊዞች ከአፉ የሚጎርሰውን አሮጌውን ኤንፊልድ የኋላውን ቆርጠው፣ ከኋላው እንዲጎርስ አድርገው ነው ያወጡት፤ አፈሙዙም ሰደፉም ያው የድሮው ነው። አንዱን ክፍል ብቻ ለውጦ ጠቅላላውን ማደስ እንግዲህ የእኛ ዘመን ግኝት አይደለም። አፄ ዮሐንስ ደግሞ መግዛት ሳያስፈልጋቸው፣ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር ላይ ብዙ ረሚንግተን ማረኩ። ይህ መንገድ ለእኔ አይሆንም።

ከሁሉ የሚማርከኝ ግን የአርተር ራምቦ ነገር ነው። ግጥም መጻፍን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የተወው ይህ ፈረንሳዊ ባለቅኔ፣ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ወጣ። እቃው ምን ዓይነት እንደ ነበር ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ራሱ ተናግሯል፤ አውሮፓ ከጣለችው አርባ ዓመት የሆነው፣ በሊዬዥ ገበያ ሰባት ስምንት ፍራንክ የሚያወጣ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ግን አርባ ፍራንክ ገደማ የሚሸጥ አሮጌ ጠመንጃ። ምኒልክን ያገኛቸው በ1879 ዓ.ም. በእንጦጦ ነው። ክፉ ጊዜ ነበር የመጣው። ንጉሡ ሐረርን ይዘው፣ የተማረኩ ሁለት የክሩፕ መድፎች አስከትለው የገቡት በዚያው ሰሞን ነው፤ አሮጌ ጠመንጃ እንደ ቀድሞው አላስጎመጃቸውም። በጅምላ፣ እጅግ በቀነሰ ዋጋ ወሰዱት፤ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ቀነሱበት፤ የቀረውንም ሐረር ሄዶ ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። ራምቦ ሲያማርር ኖሯል። እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር የማደንቀው ገዢውን ነው። እቃው የቱን ያህል እንዳረጀ የሚያውቅ ገዢ ብርቅ ነው።

ቆይቶ ደግሞ ሌላ ዕድል መጣ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበልን ሲታጠቁ፣ ግራስ የተባለው ጠመንጃቸው ትርፍ ሆነ፤ በእኛ አፍ ውጅግራ ተብሎ ወደዚህ ጎረፈ። ያረጀው ለፈረንሳይ ነው። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ፊት ለፊት የቆመው ኢጣሊያዊ ወታደር፣ መንግሥቱ አዲስ ጠመንጃ ከተቀበለ አምስት ዓመት ቢሆነውም፣ በብዛት የያዘው የቆየውን ቬተርሊ ነበር። መታየት ያለበት ባላንጣህ የያዘው እንጂ የዓለም የመጨረሻው ጠመንጃ አይደለም።

የእኔም ውጅግራ አንድ ጊዜ መጥቶልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ያገለገለ ካርድ ዓለምን አጥለቀለቀ። ያን ጊዜ ገንዘብ አልነበረኝም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. አጠራቅሜ ስጨርስ ደግሞ «አዲሱ ትውልድ ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል» ብዬ ቆየሁ። ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ሃምሳ ሰባት ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ አለፈ። ያጠራቀምሁት ያው ነው፤ ካርዱ ግን ከእጄ ሸሸ። ሒሳቤ ለሊዬዥ ትክክል ነበር፤ ለጠመንጃ ያዥ ግን አልሠራም።

በመጨረሻ ያስወሰነኝ የልጁ መቅረት ነው። ካርዱን የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ለዚያ ትውልድ የሚያወጣውን መደበኛ ድራይቨር እንደሚያቆም ማሳወቁም አግዞኛል። መርካቶ ወርጄ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ስምንት ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው፣ ያገለገለ አርቲኤክስ 2060 ሱፐር አገኘሁ፤ ሻጩ ፊቴ ሰክቶ፣ ጌም ከፍቶ፣ እስኪግል እንዲያሠራው አስገደድሁት። ጥይቱን ረስቼው ኖሮ! በአድዋ ዘመን ውጅግራ የያዘ ሰው በረሚንግተን ጥይት ሊተኩስ እንደማይችለው ሁሉ፣ መቶ ሃያ ዋት የሚበላ ካርድ የለመደው ፓወር ሰፕላዬ መቶ ሰባ አምስት ዋት የሚሻውን አዲሱን የሚያጎርስበት መሰኪያ አልነበረውም። ለእርሱ ሌላ ወር አጠራቀምሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁን በስልክ ጠርቼ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈትነው። የሰፈራችን አቧራ ማራገቢያውን እንደ ጥጥ ሸፍኖት ነበር። እርሱ መብራት ያዘልኝ፤ እኔ ብሎኑን እየፈታሁ የራምቦን ታሪክ ነገርሁት። አሮጌውን ካርድ በእጁ እያገላበጠ፣ «ይህንንስ ለማን እንሸጠዋለን፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ለማንም ይሁን» አልሁት፤ «ብቻ ከአርባ ፍራንክ እንዳታሳንስ።»

ሳቀ፤ እኔም ፓወር ሰፕላዩን ሰካሁ።